ሳይሰማ የታጠበ ሎህ

አኳይ የመጨረሻውን ሎህ ጽፎና አጥንቶ ከጨረሰ አራት ወር ሆኖት ነበር፤ ሸህ ፈረጅ ግን አልሰሙትም።

ሎህ ደረሶች የቁርኣን ትምህርታቸውን የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። በሸህ ፈረጅ ቤት ደረሳው ክፍሉን በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ ያጠናዋል፤ ከዚያም ሎሁን ለመምህሩ አስረክቦ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ በቃሉ ይወጣዋል። መምህሩ «ሰማሁ» ካሉ ሎሁ ይታጠባል፤ እጣቢውም ሰው እንዳይረግጠው በድንጋይ በታጠረው የማንጎ ሥር ይፈሳል። «ሰማሁ» ካላሉ አይታጠብም። ሳይሰማ ሎሁን ያጠበ ደረሳ ደግሞ ከመጀመሪያው ሎህ እንደገና ይጀምራል። ይህን ሕግ ያወጡት ሸሁ ራሳቸው ነበሩ፤ ያወጡትም ሰነፎችን ለማስፈራራት ነበር።

ለአኳይ የቀረችው እንግዲህ አንዲት ሎህ ናት። እሷ ከተሰማች ቁርኣኑን ጨርሶ አኸተመ ይባላል፤ ሰባት ዓመት የለፋበትን የማስተማር ፈቃድ ያገኛል፤ ዓይናቸው የጠፋውን መምህሩንም ተክቶ ሰው ያሰግዳል። ካልተሰማች ባሮን በታንኳ ሰው የሚያሻግር አኟክ ሆኖ ይቀራል።

እኔ በዚያ ዓመት፣ በ1962፣ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቴን እንድፈጽም ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የተላክሁ የፍልስፍና ተማሪ ነበርሁ። በመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛና ግብረ ገብ አስተምራለሁ፤ የምኖረው በሸህ ፈረጅ ግቢ፣ በኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ስለማላውቀውም ነገር ሁሉ አስተያየት ነበረኝ።

ሸህ ፈረጅ ከወሎ ተነሥተው በጎሬ በኩል ወደ ቆላው የወረዱት የሱዳን መርከቦች ጨው አራግፈው ቡና በሚጭኑበት ዘመን ነው። አብረዋቸው የወረዱት ነጋዴዎች ሱቅ ከፈቱ፤ እሳቸው ቁርኣን ማስተማር ጀመሩ። ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲያበቃ በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ነጋዴዎቹም ሙቀቱ እስኪበርድ እዚያ ያመሻሉ። አኳይ በየቀኑ በዚያ ሰዓት ሎሁን ይዞ ይመጣና ከደረጃው ሥር ይቀመጥ ነበር።

«ሸሁ፣ ይሄ ሰውዬ ዛሬም ሰሌዳውን ታቅፎ መጣ» ይላል ሐጂ ጀማል። ጨው፣ ጨርቅና ፋኖስ ይሸጣል፤ ከነጋዴዎቹ ሁሉ ድምፁ የሚጎላው እሱ ነው። «ጡት ሊያጠባት ነው እንዴ?»

ነጋዴዎቹ ይስቃሉ።

«ሸህ፣ ዛሬ ስማኝ» ይላል አኳይ።

«ስማኝ! ሰማችሁልኝ? ለሸሁ ‹ስማኝ›! ነገ ፊታችን ቆሞ የሚያሰግደን ይህ ነው።»

«የሚያጥረኝ አማርኛ ነው» አለው አኳይ አንድ ቀን፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ዐረብኛዬን ጠይቀኝ፣ ሐጂ። ግን ስትጠይቀኝ አንተም ዐረብኛ ማወቅ አለብህ።»

በዚያ ቀን የሳቀ አልነበረም። ሸሁ ወደ ድምፁ ዞረው ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው «ነገ» አሉ። አኳይ ተነሥቶ ሄደ። በእጁ ላብ ፊደሉ ስለሚደበዝዝ በየሦስት ቀኑ ከባሮ ዳር በቆረጠው ሸምበቆ በላዩ ላይ ይደግመው ነበር። ያችን ሎህ በአራት ወር ውስጥ አርባ ጊዜ ያህል ጽፏታል።

አንድ ቀን ነጋዴዎቹ ከተበተኑ በኋላ አላስችል አለኝ።

«ሸሁ፣ ለምንድን ነው የማይሰሙት?»

«አንቺ ልጅ፣ ራትሽን በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«እንግዲያው ሂጂና ተኚ።»

«ፈርቶ ነው እንጂ ለምን ይሆናል!» አሉ ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ምንጣፉን እየጠቀለሉ። ሸሁን «አንተ» ብለው የሚደፍሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። «ሰባት ዓመት ውሃ ሲቀዳልህ፣ እጅህን ይዞ መስጊድ ሲያደርስህ አላፈርህበትም። ዛሬ እሱን መስማት አሳፈረህ?»

«እሱን ከሰማሁ ጀማል ሃያ ሰው ይዞ ይወጣል» አሉ ሸሁ። «ሃያ ሰው የወጣበት መስጊድ ምንድን ነው? ግድግዳ ነው።»

«እውነት በሰው ብዛት ይለካል እንዴ?» አልሁ እኔ፣ ከመማሪያ መጽሐፌ ያመጣሁትን ነገር በረንዳው ላይ ልፈትነው ብዬ።

«እውነትን እዚያው ዩኒቨርሲቲሽ ጠይቂ። እኔ የምጠብቀው ሶላትን ነው፤ ሶላት ደግሞ ሰው ይፈልጋል።» በበትራቸው ወለሉን መቱት። «ተኚ አልሁሽ!»

በማግሥቱ፣ ዓርብ ዕለት፣ የአኳይ ታላቅ ወንድም ጌዴዎን ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ጌዴዎን የፕሮቴስታንቶቹ ወንጌላዊ ነው። በዚያ ሙቀት የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፤ የአንገቱን ቁልፍ እንኳ አይፈታም። ከመጠመቁ በፊት ስሙ ኦጁሉ ነበር፤ አኳይ ግን «ጌዴዎን» ብሎት አያውቅም። በሁለቱ መካከል ሌላም ነገር ነበር። አባታቸው ሲሞት አንዲት የተሰነጠቀች ታንኳ ትቶ ነበር። ጌዴዎን ከእንጨቷ ለጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ሊያሠራ ሲያስብ፣ አኳይ ቀድሞ ከጎኗ ሎሁን ቆረጠባት።

«መምህርት፣ አንቺ እዚያ ግቢ ትኖሪያለሽ» አለኝ። «ወንድሜን በምን አሰሩት?»

«ማንም አላሰረውም፣ ወንጌላዊ።»

«አያቴንም ማንም አላሰረውም ይላሉ። ከደጋ የወረዱ ነጋዴዎች በገመድ ነዱት፤ አልተመለሰም። ዛሬ የእሱ የልጅ ልጅ ለእነሱ ውሃ ይቀዳል፤ ከደረጃቸው ሥር ይቀመጣል። ውሻ እንኳ በረንዳ ላይ ይወጣል።»

እኔም ከደጋ የወረድሁ ነኝ። ነገሩን ላቀልለው ፈለግሁና፣ በሦስት ወር የለቃቀምሁትንም እውቀት ላሳይ ብዬ፣ እየሳቅሁ «ያሰረችው ያቺ ሰሌዳ ናት» አልሁት። «ሳትሰማ ከታጠበች ሰባቱ ዓመት ሁሉ ቀለጠ ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው።»

ጌዴዎን አልሳቀም። አመስግኖኝ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ልብሴን ይዤ ወደ ባሮ ወረድሁ። በጋ ስለነበር ውሃው ጎድሏል፤ ከድሮው የመርከብ ጣቢያ በታች ሴቶች በድንጋዮቹ ላይ ልብስ ያጥባሉ። አኳይ አራት ሰው ጭኖ ወንዙ መካከል ደርሷል። ሎሁ እንደ ወትሮው ከመሻገሪያው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ጌዴዎን መጣ። ሎሁን አወረደ፤ አጠገቤ ከምታጥበው ሴት ሳሙና ተቀበለ፤ ሱሪውን ሳይሰበስብ ውሃው ውስጥ ገብቶ እንደ ቆሸሸ ድስት ይፈትገው ጀመር።

መጀመሪያ ያየሁት ጥቁሩን እጣቢ ነው። በጉልበቱ ዙሪያ ተሽከረከረና ወደ ታች ወረደ። ከዚያ የአኳይን ጩኸት ሰማሁ። ታንኳዋ ባለችበት ዞረች፤ ተሳፋሪዎቹ «ልትገለብጠን ነው!» እያሉ ጫፏን ጨበጡ። ዳር ሲደርስ ሎሁ ባዶ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር።

«ኦጁሉ!» የወንድሙን ነጭ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ጨመደደው።

«ስሜ ጌዴዎን ነው።»

«ኦጁሉ ነህ! ሌባ ነህ!»

«የአባቴን ታንኳ ነው ያጠብሁት። አሁን አልቋል። ና፣ ወደ ቤት እንሂድ።»

«የቱ ቤት? የእኔ ቤት እዚህ ላይ ነበር!» አለና ሎሁን በጡጫ መታው።

የሐጂ ጀማል ሱቅ ከዳርቻው ሩቅ አልነበረም። ጩኸቱን ሰምቶ ሁለት ሦስት ነጋዴዎች አስከትሎ ወረደ። ሎሁን አየ፤ ውሃውን አየ፤ ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ።

«ታጠበች? ሳትሰማ? ወንጌላዊ፣ ዕድሜ ይስጥህ! ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ከእናንተ ወገን አንድ ቁም ነገር የሠራ አየሁ። ሕግ ሕግ ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምር። ሌላ ሰባት ዓመት ውሃ ይቅዳ!»

ያኔ የጌዴዎንን ፊት አየሁት። ወንድሙን ነፃ ያወጣ መስሎት የጀማልን ሥራ እንደ ሠራለት የገባው በዚያች ቅጽበት ነው። ሎሁን አልጣለም፤ አልመለሰምም። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ እንደ ያዘው ቀረ።

ልብሴን ጥዬ ሮጥሁ። ሸሁ ማንጎው ሥር ተቀምጠው ነበር። የሆነውን እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው፤ ሕጉን ለጌዴዎን የነገርሁት እኔ መሆኔንም ጨመርሁበት።

«በሳሙና መታጠብ የነበረበትስ ያንቺ አፍ ነው» አሉ እትዬ ዘሃራ፤ የባላቸውንም እጅ ይዘው ከተቀመጡበት አስነሡ። «ተነሥ! ከእንግዲህ ‹ነገ› የለህም።»

ወንዙ ዳር ስንደርስ ሰዉ ግራና ቀኝ ከፈለልን። ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ፤ ጌዴዎን ካመነታ በኋላ ሎሁን አስነካቸው እንጂ አልለቀቀላቸውም። በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት፤ ጣታቸውንም አሸተቱ።

«ማን አጠበው?»

«እኔ» አለ ጌዴዎን።

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

«ለጥላሸት ሳሙና አያስፈልግም ነበር። ውሃ ይበቃዋል።»

«ሸሁ፣ ሕጉ የእርስዎ ነው» አለ ጀማል። «በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ነው የምልዎት፤ ከመጀመሪያው ይጀምር!»

ሸሁ እርጥብ ጣታቸውን በልብሳቸው ጠረጉ። አኳይ እንደ ተጣለ ገመድ እጆቹን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«ሐጂ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሕጌ ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምር።» ከዚያ በበትራቸው ድንጋይ ፈልገው፣ ሴቲቱ ልብስ የምታጥብበት ላይ ተቀመጡ። «ጀምር።»

«ምኑን?» አለ አኳይ።

«ከመጀመሪያው። በቃልህ ውጣው።»

«ሎህ የለኝም።»

«ሎህ ማን ጠየቀህ? ዓይን የሌለኝ ሰው ሎህ ምን ይሠራልኛል?»

«አሁን? እዚህ?» አለ ጀማል። «ሴት የውስጥ ልብስ በምታጥብበት?»

«የታጠበው እዚህ ነው፤ የምሰማውም እዚህ ነው። አንተ ደግሞ እንዳትሄድ። ‹ከመጀመሪያው ይጀምር› ያልኸው አንተ ነህ፤ ምስክር ትሆናለህ።»

«ሱቅ አለኝ እኮ፣ ሸሁ!»

«ዝጋው።»

ሦስት ቀን ፈጀ።

አኳይ ያን ሁሉ በዐሥሩ ጣቱ ላይ የተቆጠረ ያህል በተራ በተራ ወጣው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ የታጠቡትን ሎሆች አንድ በአንድ ከወንዙ የሚያወጣቸው ይመስል ነበር። ለሶላትና ለምግብ ያቋርጣል፤ ሲመሽ ይበተናሉ፤ ሲነጋ እንደገና ይቀመጣል። ጀማል በመጀመሪያው ቀን ወንበርና ጃንጥላ አስመጣ። ሸሁ አኳይን ሁለት ጊዜ «ወደ ኋላ መልስ» አሉት፤ ሁለቱንም ጊዜ መልሶ በትክክል ወጣው። ሕዝቡ መጀመሪያ ሊስቅ መጣ፤ ከዚያ ሰለቸውና ተበተነ። ከቆዩት አንዱ ጌዴዎን ነው። ሎሁን ታቅፎ ከወንድሙ ዐሥር እርምጃ ርቆ ቆመ፤ እንዲሳሳት ይጠብቅ ነበር። እሁድ ጠዋት ስብከቱን አሳጥሮ፣ ላቡ ሳይደርቅ ተመለሰ። ምእመናኑ ሳይቀሩ ተገርመው ነበር፤ በሕይወቱ አጭር ስብከት ሰብኮ አያውቅም።

በዚያው እሁድ፣ ወደ ማታ፣ ጀማል ከወንበሩ ዘለለ።

«ተሳሳተ! ዘለለ! አንድ ቦታ ዘለለ፤ እኔ አውቀዋለሁ!»

አኳይ ቃሉን አቋረጠ። ሸሁ ራሳቸውን ወደ ጀማል ዘንበል አደረጉ።

«ዘለለ ያልኸውን አንተ ውጣው፣ ሐጂ» አሉ።

ጀማል ትክክል የመሰለውን ወጣው።

«ያ ሌላ ሱራ ነው» አሉ ሸሁ። «የዘለልኸው አንተ ነህ። አኳይ፣ ቀጥል።»

አንዲት ሴት ፈገግታዋን በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነች። ጀማል ጃንጥላውን አጠፈ፤ ጃንጥላውን እንደ ዱላ ይዞ ቆመ። ከዚያ በኋላ በአኳይ ላይ የነበረው ንቀት ጠፍቶ ጥላቻ ሆነ፤ ንቀቱ ይሻል ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ የአኳይ ድምፅ ተሰነጠቀ፤ ከንፈሩ እንጂ ቃሉ አይሰማም። ሸሁ «አልሰማሁም» አሉ። እንደገና ሞከረ። «አልሰማሁም።» ጀማል ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ።

ጌዴዎን በአኟክኛ አንድ ነገር ተናገረ። አጠገቤ ያለችው ሴት «‹ተወው፣ ትሞታለህ› ነው የሚለው» አለችኝ። አኳይ አልተወውም። ጌዴዎን ወደ ሴቲቱ ዞሮ የውሃ መቅጃ ቅሏን ነጠቃት፤ ባሮ ውስጥ ነክሮ ሞላትና በወንድሙ ደረት ላይ ገፋት።

«ጠጣ» አለው፣ አሁን በአማርኛ፣ ጀማልም እንዲሰማው። «የምትወድቅ ከሆነ በራስህ ውደቅ። ውሃ ጥም ጣለው እንዲባል አልፈልግም።»

አኳይ ጠጣ። ፀሐይዋ ከድሮው መጋዘን ጀርባ ስትወርድ ያችን አርባ ጊዜ የጻፋትን የመጨረሻ ሎህ ጀመረ፤ ሳያቋርጥም ጨረሰ።

ሸሁ በበትራቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ሰማሁ» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ያስተምር፤ ያሰግድም። እናንተም እንዲሁ ሰምታችኋል።»

«ይስማው የሚሰማው!» አለ ጀማል። «እኔ ግን ከእሱ ኋላ አልቆምም!» ቀጥሎ ስለ አኳይ ዘር የተናገረውን ቃል እዚህ አልጽፈውም። ከነጋዴዎቹ «ተው» ያለው አልነበረም።

በማግሥቱ የአኳይ ታንኳ ሆዷ ተቀዶ፣ ዳር ላይ ተገልብጣ ተገኘች። ማን እንደ ቀደዳት የጠየቀ የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ዓርብ ዕለት ጀማል ሃያ ሰው ይዞ በጨው መጋዘኑ ውስጥ ሰገደ። በሸህ ፈረጅ መስጊድ አኳይ ከፊት ቆመ፤ ከኋላው አምስት ሰው ነበር። ከአምስቱ አንዱ ሸህ ፈረጅ ነበሩ። ሰባት ዓመት እጃቸውን ይዞ ያመጣቸው ሰው በዚያ ቀን ከኋላው እንዲቆሙ ትከሻቸውን ይዞ አስተካከላቸው። እትዬ ዘሃራ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው የሰሙትን ሲነግሩኝ «ግድግዳ ይላል! ግድግዳም ይሰማል» አሉ።

እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ያገኘሁት ታንኳዋን ሲጠግን ነው። ሕጉን ለጌዴዎን የነገርሁት እኔ እንደሆንሁ ነገርሁት። መዶሻውን አላቆመም።

«አንቺ ብዙ ታውቂያለሽ» አለኝ። «ዝም ማለት ብቻ አታውቂም። ሂጂ።»

ሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ እስክመለስ ድረስ ባሮን ስሻገር በሌላ ታንኳ ነበር፤ እሱ አልጭንም አለኝ።

ማስተማር ተፈቀደለት እንጂ የሚማር አልመጣም። ነጋዴዎቹ ልጆቻቸውን አስቀሩ፤ አኟኮቹ ጌዴዎንን ፈሩ። አኳይ ግን በየቀኑ ከዐስር በኋላ በረንዳው ላይ፣ ከደረጃው ሥር ሳይሆን በሸሁ ጎን፣ ቀለሙን በጥብጦ ባዶ ምንጣፍ ፊት ይቀመጥ ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ጌዴዎን በግቢው በር ገባ። ነጭ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል፤ ሎሁን ይዟል። ሳሙናው እንጨቱን አንጥቶታል፤ ጫፉ ላይም ስንጥቅ አውጥቷል። ደረጃው ላይ ሳይወጣ ወደ ምንጣፉ ወረወረው።

«የአባቴ ታንኳ ቤቴ ውስጥ የግድግዳ ጌጥ አይሆንም» አለ አውቆ በአማርኛ፣ ሸሁም እንዲሰሙት። «እንካ፣ ጻፍበት። ስትጨርስ መጥቼ እንደገና አጥብልሃለሁ።»

አኳይ ሎሁን አነሣ፤ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«እዚህ ቤት ሳይሰማ አይታጠብም፣ ኦጁሉ። ማጠብ ከፈለግህ መጀመሪያ ቁጭ ብለህ ስማ።»

«ስሜ ጌዴዎን ነው።»

«ቁጭ በል።»

ጌዴዎን ወደ በሩ ዞሮ ተመለከተ። መንገዱ ማዶ ጀማል ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ያያቸው ነበር። ጌዴዎን እሱን ካየ በኋላ ሦስቱን ደረጃ ወጣ፤ ምንጣፉን ረግጦ በረንዳው ጠርዝ ላይ፣ ጀርባውን ለወንድሙ ሰጥቶ ተቀመጠ።

«ቶሎ በል» አለ። «ሥራ አለብኝ።»

አኳይ ሸምበቆውን ቀለሙ ውስጥ ነከረ።